የአራተኛው ክፍል ሙዝ

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነጋዴው ባቻ ሙዙን ሊያወጣ የአራተኛውን ክፍል በር ከፈተ፤ ያገኘው ግን ሬሳ ነው። የገበያው ጥራት ተቆጣጣሪ ኢዮስያስ ከሙዙ ክምር ሥር በግንባሩ ተደፍቶ፣ አጠገቡ ነዳጁን ጨርሶ የጠፋ ምድጃ ተጎልቶ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። በነቀምቴው የቡርቃ ጅምላ ገበያ ሥራውን በትክክል የሚሠራ አንድ ሠራተኛ ቢኖር እሱ ነበር፤ እሱም አራት ወር ብቻ ቆየ።

ኢንስፔክተር ኢቢሴ የደረሰችው በባጃጅ ነው። የመሥሪያ ቤቷ መኪና ሐሙስ የሚመጡትን እንግዶች እንዲያጅብ ታጥቦ ቆሟል፤ ለሞተ ሰው ብሎ ማን ጭቃ ያስነካዋል? እንግዶቹ የሚመጡት ቡርቃን ሞዴል ገበያ ብለው ሊሸልሙ ነው። አይ ሞዴል። በሩ ላይ የበሰበሰው ጎመን ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ቲማቲም የጫነ አይሱዙ ማራገፊያ አጥቶ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ይቆማል። ከሦስት ዓመት በፊት ሪባን የተቆረጠለት የማቀዝቀዣ ክፍል የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ ነው። ስብሰባ ግን በየሳምንቱ አለ፣ እሱ ተቋርጦ አያውቅም።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ባቻ?» አለችው።

ባቻ ሃምሳውን ያለፈ፣ እጁ የሙዝ ወዝ ያጠቆረው ሰው ነው። አሁን በዚያ እጁ ላይ ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች ካቴና አስገብተውበታል።

«ምን ማደር አለ፣ አዴ ኢቢሴ። በሩን በጭቃ ተመርጎ አገኘሁት። ልጆቹ ተሳስተው የመረጉት መስሎኝ እየተሳደብኩ ነው የሰበርኩት። ልጁ ውስጥ መኖሩን ባውቅ...»

ሥራ አስኪያጁ ሠርፀ በዚህ መሃል ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማው እንዳይቆሽሽ ድንጋይ እየመረጠ እየረገጠ መጣ። ሬሳውን አላየም፤ ሰዓቱን ነው ያየው።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ። «ሰኞ ዕለት ልጁ የባቻን ጭነት መልሶበት ተጣልተዋል አሉኝ። ማክሰኞ ምሽት ባቻ ሙዙን ሊያበስል ጭሱን ሲለኩስ ዘጋበት። ቢሮዬ ያለውን ሠሌዳ ይዩት፣ ክፍል አራት የሚጨሰው ማክሰኞ ነው። እኛ ጋ ሁሉ ነገር በዕቅድ ነው የሚመራው።»

«እርስዎ ሰኞ እዚህ ነበሩ?»

«ከዓርብ እስከ ሰኞ አዳማ ስልጠና ላይ ነበርኩ። ስለ ዘመናዊ የገበያ አመራር።»

«ተማሩ ታዲያ?»

«በሚገባ። ሰርተፊኬትም አለው።»

ስልኳ ጠራ፤ አለቃዋ ነው። ባቻ ሐሙስ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ በነፍስ ግድያ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አዘዛት። እንግዶቹ ከተማውን ሳይለቁ ነገሩ ይዘጋ ነው የሚለው። በዚህ ዕድሜው ነፍስ አጠፋ ተብሎ የገባ ሰው የሚወጣው በሣጥን መሆኑን ኢቢሴም አለቃዋም ያውቁታል። የቀራት አንድ ቀን ነው።

ኢቢሴ ልጅ ሳለች ሲሬ ላይ በአውቶቡስ መስኮት ሙዝ እያቀበለች ነው ያደገችው። ሙዝ ከዴዴሳ ሸለቆ አረንጓዴውን ይመጣል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ተከምሮ ደረቅ ቅጠል ይለብሳል፤ የላምባ ምድጃ ይለኮስበትና በሩ ዙሪያውን በጭቃ ይመረጋል። በሁለት ቀኑ ምድጃው ወጥቶ ክፍሉ ይተነፍሳል፣ በማግሥቱ ሙዙ ቢጫ ሆኖ ይጫናል። ጭስ ላይ እያለ ውስጡ የቆየ ሰው በሕይወት አይወጣም፤ ይህን ለማወቅ አዳማ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ቆየች። ደረቁን ቅጠል ገለጥ አድርጋ አንዱን ሙዝ በአውራ ጣቷ ጠረገችው። ጥላሸቱ ሲለቅ ከሥሩ ቡናማ ነጠብጣብ የጀመረው ቢጫ ልጣጭ ወጣ። ምድጃውን አንስታ አሸተተች፤ ፊቷን አኮሳተረች። ከበሩ ጠርዝ የወደቀውን ጭቃ አንስታ ስትጨብጠው እጇ ላይ ተፈረካከሰ። ከሟቹ ኪስ ያገኘችውን ትንሽ ደብተር የመጨረሻ ገጽ አነበበችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ እጇን አራግፋ ወጣች።

መጀመሪያ ያናገረችው የነጋዴዎች ማኅበር ሊቀመንበሯን ወይንሸትን ነው። ወይንሸት የቲማቲም ነጋዴ ናት፤ ወላጆቿ ከጎጃም የመጡ፣ ምላሷ ማንንም የማይፈራ።

«ልጁን ትጠዪው ነበር አሉ» አለቻት ኢቢሴ።

«እጠላው ነበር። ሠላሳ ሣጥን ቲማቲሜን ጣይ ብሎኛል። መጣል የነበረበት መሆኑን ግን እኔም አውቃለሁ። ዐሥር ጊዜ ጥላ ሥሩልን ብለን ጠይቀን የሠሩልን ሠሌዳ ነው።»

«የባቻ ሙዝ መቼ ገባ?»

«ቅዳሜ። ሰኞ ሊመጣ የነበረው መኪና ቀድሞ መጣ። የት ይቁም፣ የት ይራገፍ ብለን እንዴት እንደተጯጯህን። ቅዳሜውኑ ለኮሰው። ትናንት ረፋድ ምድጃውን አውጥቶ በሩን ከፍቶት ነበር፤ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ አሽትቶታል።»

«ሥራ አስኪያጁስ?»

«እሱ ከመኪና ወርዶ ቢሮ ይገባል፣ ከቢሮ ወጥቶ መኪና ይገባል። ምን ያሸታል?»

«ሰኞ የተመለሰው ጭነትስ?»

«እሱ ሌላ ነው፣ ሁለተኛ መኪና ነው። ስሚ እህቴ፣ ስለ ማቀዝቀዣው ክፍል ግን እኔን አትጠይቂኝ። ነገ ስትገቢ ከሸራው ሥር ያለውን እዪው። ኢዮስያስ እንግዶቹ ፊት እገልጠዋለሁ እያለ ነበር። ለሁላችንም ነግሮናል።»

ጥበቃው ዋቅወያ ደግሞ ቆቡን በእጁ እያሻሸ ነው የመለሰላት።

«ማክሰኞ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ዋናው በር። አለቃ የእንኳን ደህና መጣችሁ ባነር ስቀል ብለውኝ። ጠመመ እያሉ ሦስት ጊዜ አስወረዱኝ፣ ከዚያ በቃ እዚሁ ጠብቀው ብለውኝ ሄዱ።»

«ባነር የሚሰርቅ አለ እንዴ?»

«ሚቲ፣ ኧረ የለም፣ ማን ይወስደዋል። እኔም ገርሞኝ ነበር።»

«የጄኔሬተሩ ክፍል ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«አለቃ ኪስ። አንድ ሊትር ናፍጣ እንኳ ያለ እሳቸው አይወጣም።»

ማታውን ሐኪሙ ደወለ። ልጁ ማጅራቱ ላይ ተመትቷል፤ የገደለው ግን ምቱ ሳይሆን ጭሱ ነው።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ኢቢሴ ሁሉንም ማቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ባቻን ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ቆመዋል። ክፍሉ እውነትም ይቀዘቅዛል። ጥጉ ላይ በሰማያዊ ሸራ የተሸፈነ ክምር አለ፤ ግድግዳው ላይ የተገጠመው ትልቁ ማሽን አረንጓዴ መብራት ያበራል።

«እዚህ ለምን አስፈለገ?» አለ ሠርፀ። «እንግዶቹ አራት ሰዓት ይደርሳሉ።»

«ገበያው ውስጥ የማይሸተው ቦታ ይኼ ብቻ ስለሆነ ነው። ቶሎ እጨርሳለሁ» አለች ኢቢሴ። «ኦቦ ባቻ፣ የበሰለ ሙዝ ላይ ምድጃ ቢለኮስ ምን ይሆናል?»

«ይበላሻላ። በአንድ ሌሊት ይጠቁራል። እብድ ካልሆነ ማን ይለኩሳል?»

«የአራተኛው ክፍል ሙዝ ማክሰኞ ረፋድ በስሎ፣ ተከፍቶ፣ እየተነፈሰ ነበር። ጥላሸቱ ያረፈው ከቢጫው በላይ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ምሽት የለኮሰው ሰው ሙዙ መብሰሉን አያውቅም። ባቻ ያውቃል፣ የራሱ ነው። ወይንሸት ታውቃለች፣ ጭነቱ ቅዳሜ ሲገባ ነበረች። ዋቅወያም፣ ጫኝና አውራጁም ሁሉ ያውቃል።»

ሠርፀ ሰዓቱን አየ።

«ሁለተኛ፣ የባቻ ሰዎች ጭቃውን እንዳይሰነጠቅ በአመድ ነው የሚያቦኩት። ይህኛው እንዲሁ ከመሬት የተዛቀ አፈር ነው፤ እጄ ላይ ፈረሰ። የመረገው ሰው ሲመረግ እንኳ ቆሞ አይቶ አያውቅም። ሦስተኛ፣ ምድጃው የሚሸተው ላምባ አይደለም፣ ናፍጣ ነው። ናፍጣ ያለው ጄኔሬተሩ ክፍል ነው፣ ቁልፉም አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ያ ሰው ማክሰኞ ማታ ጥበቃውን ባነር እንዲጠብቅ በር ላይ ተክሎታል።»

ወደ ሠርፀ ዞረች።

«ቅዳሜ መኪናው ሲገባ እርስዎ ስለ ገበያ አመራር እየተማሩ ነበር። ማክሰኞ ሲመለሱ ገበያውን አላዩም፣ ሠሌዳውን አዩ። ሠሌዳው ክፍል አራት ዛሬ ይጨሳል አለ። ባቻ ለኩሶ ዘጋበት ይባላል ብለው አሰቡ። ልጁ የዕለቱን ሥራ ሊያይ ሲገባ ከኋላ መትተው፣ ደጅ የተቀመጠውን ምድጃ አስገብተው ለኩሰው፣ በሩን መረጉት። አንዷን ቅጠል ገለጥ ቢያደርጉ ኖሮ ሙዙን ያዩት ነበር። ግን መቼ ገልጠው ያውቃሉ?»

«እኔ ለምን ብዬ?» አለ ሠርፀ።

«ለዚህ ብለው» አለችና ሸራውን ጎተተችው።

ከሥሩ እንደ ጡብ የተደረደረ በረዶ ወጣ። ዋቅወያ የማሽኑን ክዳን በአንድ እጁ ነቀለው፤ ውስጡ ከመብራቱ አምፑል በቀር ባዶ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር ክፍሉን ያቀዘቀዘው ከዓሣ ነጋዴ የሚመጣ በረዶ ነበር፤ እንግዶቹም አጨብጭበው ሲሄዱ ኖረዋል። ኢዮስያስ ዛሬ ሊገልጠው የነበረው ይህን ነው፤ ወሬውም ሠርፀ ጆሮ ደርሶ ነበር። የቀለጠው ውኃ ወለሉ ላይ ተንሸራትቶ የሠርፀን የተወለወለ ጫማ ከበበው። ሰውየው እግሩን ለማንሳት እንኳ አልሞከረም።

«ሠሌዳው እኮ ማክሰኞ ነው የሚለው» አለ። «የቀን ለውጥ በጽሑፍ ለቢሮ መቅረብ አለበት። ማንም አላቀረበልኝም።»

ሰው ገድሎ የቆጨው ይኼ ነው። ወይንሸት አጠገቡ ምራቋን ጢቅ አደረገች። ካቴናው ከባቻ እጅ ወጥቶ እዚያው ሠርፀ እጅ ላይ ገባ።

እንግዶቹ በሰዓታቸው ደረሱ፤ ባነሩ ሥር ፎቶ ተነሥተው፣ ሥራ አስኪያጁ በድንገተኛ ጉዳይ እንደወጣ ተነግሯቸው ምሳ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። የተወሰነውም ሠሌዳው በአዲስ ቀለም እንዲጻፍ ነው።

ባቻ ግን ከገበያው አልሄደም። አራተኛው ክፍል ደጃፍ የሣጥን ስብርባሪ ላይ ተቀምጦ የእጁን አንጓ ያሻል። ኢቢሴ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሬሳው ጉቴ ተወስዷል፣ እናቱ ቤት» አላት። «ለቅሶ ልሄድ ብዬ አስባለሁ፣ ግን እንዴት አድርጌ? ሁለት ቀን ሙሉ ልጅሽን የገደለው ባቻ ነው ሲሏት ከርመዋል። ደግሞም ሰኞ ክፉ ተናግሬዋለሁ። አንተ ገና ትናንት የመጣህ ምን ታውቃለህ ብዬዋለሁ።»

ኢቢሴ ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ የመጨረሻውን ገጽ ቀስ ብላ አነበበችለት።

«ማክሰኞ፣ ዐሥራ ሁለት ከዐሥር። ክፍል አራት። ተንፍሷል፣ በሚገባ በስሏል። ኦቦ ባቻ ሥራውን ያውቃል፤ ነገ ጠዋት አግኝቼው ስለ ሰኞው ልታረቀው። ሙዙ ጥሩ ነው፣ ይውጣ።»

ባቻ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ኢቢሴ ወደ ሌላ አቅጣጫ አየች። ብዙ ቆይቶ በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ጠረገና ተነሣ።

«ታዲያ ምን ልበላት?»

«የልጅሽ የመጨረሻ ሥራ የኔን ሙዝ አይቶ ማሳለፍ ነበር ይበሏት» አለችው። «ኑ፣ ጉቴ ድረስ አብሬዎት እሄዳለሁ። መኪናው እንግዶቹ ጋ ነው፣ በሚኒባስ ነው የምንሄደው።»