ከቧንቧው የተመለሰው ድምፅ

ኢንስፔክተር ሳጋል ስትደርስ የጅብሪል አስከሬን ገና አልተነሳም ነበር። በናፍጣ ታንከሩ የብረት መሰላል ሥር፣ ጭንቅላቱ ከሲሚንቶው ጠርዝ ተጠግቶ፣ በጎኑ ተኝቷል። ከጆሮው በላይ የደረቀው ደም ባይኖር ሥራ ሰልችቶት ጋደም ያለ ሰው ይመስል ነበር።

ቦታው ከጅጅጋ ወደ ካራማራ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የግመል ወተት ማቀዝቀዣ ነው። ከየወረዳው የሚመጣው ወተት እዚህ ይመረመራል፣ ይቀዘቅዛል፣ ሲነጋ ወደ ገበያ ይወጣል። መብራት በጠፋ ቁጥር ጄነሬተር ማስነሳት የጅብሪል ሥራ ነበር። መብራት ባልጠፋበት ሌሊት ደግሞ ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ አለመተኛት።

«እንቅልፍ ነው የጣለው» አለ ሱጉሌ፣ የማቀዝቀዣው ሥራ አስኪያጅ፣ ጋቢውን እየሰበሰበ። «ናፍጣ ሊያይ ወጣ፣ አንቀላፋ፣ ወደቀ። ዘበኛውም ተኝቶ ነው ያደረው። ፖሊሶች ወስደውታል።»

ሳጋል ወደ መሰላሉ አለፈች። ፖሊስነትን የጀመረችው በፍተሻ ኬላ የሌሊት ተረኛ ሆና ነው። በሌሊት ለሚደርስ ጥፋት ሁሉ እንቅልፍ እንደሚከሰስ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ታውቃለች። እንቅልፍ ጠበቃ የለውም።

መሰላሉን በመዳፏ ያዘችው። እጇ ላይ ናፍጣ ተጣበቀ። ጎንበስ ብላ የሟቹን መዳፍ ገለበጠች፤ ንጹሕ ነው። የጫማውን ሶል አየች፤ አቧራ እንጂ ናፍጣ አልነካውም። ከዚያ ዓይኗ ጥቁር ሰማያዊ የሥራ ካፖርቱ ላይ አረፈ። አንገትጌው ላይ ቀለማቸው የለቀቀ ሦስት ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች አሉ።

«አቶ ሱጉሌ፣ ይህ ሰው መሰላሉን አልወጣም» አለች ቀስ ብላ። «ትናንት ማታ ግቢው ውስጥ ማን ነበር?»

ግቢው በግንብ የታጠረ ነው፤ ግንቡም ላይ እሾሃማ ሽቦ ተዘርግቷል። በሩን ከውስጥ የሚቆልፈው ንብረት የሚባለው ዘበኛ ነው፤ ቁልፉም ከወገቡ አይለይም። ከእሱና ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰዎች አድረዋል። አንዱ እዚያው ግቢ ክፍል ያለው ሱጉሌ ራሱ ነው። ሁለተኛዋ ወተት መርማሪዋ ፀጋ ናት። ሦስተኛው ከጉናጋዶ ወተት ጭኖ የመጣው ሹፌር ዳሂር ሲሆን፣ እሱም የሟቹ ሚስት የሀምዲ ወንድም ነው።

ከሰዓት በኋላ የሐኪሙ ቃል መጣ። ጅብሪል የሞተው ከመንጋቱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ደግሞም ወዲያው አልሞተም፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ቀስ በቀስ ሲፈስ ቆይቶ ነው። «ቶሎ ደርሰውለት ቢሆን የሚተርፍ ይመስለኛል» አለ ሐኪሙ።

ዘበኛውን እንደታሰረ ያስቀረው ይኸው ቃል ነው። ንብረት «ጅብሪል እስኪነጋ ድረስ መልስ ይሰጠኝ ነበር» ብሎ ምሏል። የሞተ ሰው ደግሞ አይመልስም።

ሳጋል ጣቢያ ሄዳ አስጠራችው። ብዙ ዘመን በውትድርና የኖረ፣ ሽበት የወረሰው ሰው ነው።

«ጋሽ ንብረት፣ ሌሊት እንቅልፍን በምን ያሸንፉታል?»

ሽማግሌው እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቀም። «በቧንቧው ነው። ከኔ ጥበቃ ጎጆ እስከ ጄነሬተሩ ቤት የውሃ ቧንቧ ግድግዳውን ይዞ ይሄዳል። በየጊዜው በድንጋይ እመታለሁ፤ እሱ ደግሞ ይመልሳል። በዚህ እርስ በርስ እንጠባበቃለን።»

«የተኛ ሰውም ደንግጦ ሊመታ ይችላል እኮ።»

«አይችልም!» አለ ንብረት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ። «እኔ ሁለት ከመታሁ እሱ ሦስት ነው የሚመታው። አራት ካልኩ አምስት። አንድ መጨመር አለበት። እንቅልፍ የያዘው ሰው መምታት እንጂ መቁጠር አይሆንለትም።»

«ትናንትስ ጨመረ?»

ንብረት ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። 

«ከመሸ በኋላ ይጨምር ነበር። በኋላ ግን ተወ። ሁለት ስል ሁለት፣ ሦስት ስል ሦስት። ሕጋችን 'ካልጨመረ ሄደህ እየው' ነው። እኔ ግን... ያ ብርድ... ሰልችቶት ነው ብዬ ቁጭ አልኩ።»

«እስከ መቼ መለሰልዎት?»

«ሊነጋ ሲል። ትንሽ ቆይቶ ዳሂር ለሶላት ልውጣ አለኝ፤ በሩን ከፈትኩለት። ከዚያ ብመታ ብመታ ዝም። ስሄድ ያየሁትን አየሁ።»

«ይህን ለምን አልተናገሩም?»

«መለሰ ወይስ አልመለሰም ብለው ነው የጠየቁኝ። ስንት ጊዜ መታ ያለኝ የለም።»

በማግስቱ ሳጋል ፀጋን በምርመራ ክፍሏ አገኘቻት። ወጣቷ ከአዋሳ ተቀጥራ የመጣች ናት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፤ አነጋገሯ ግን የቁጣ ነው።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ተጣልተናል። የዳሂርን ወተት እንደገና መርምሪው አለኝ። ውሃ እንዳልገባበት፣ እንዳልኮመጠጠ አይቼ ተቀብዬዋለሁ። ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው ወይ? ብዬ ጮህኩበት።»

«ለምን እንደሆነ አልነገረሽም?»

«ነገ ራሱ ይነግርሻል አለኝ። ማን? ብለው ጥሎኝ ሄደ።»

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጠርሙስ ወተት ነበር። ሳጋል አንዱን አነሳችና አሸተተችው፤ ኮምጥጧል። ሁለተኛውን አሸተተች፤ አሁን የታለበ ይመስላል።

«አንድ ላይ ነው ያስቀመጥሻቸው?»

«አዎ፣ ያን ዕለት ማታ። አንዱ የሌላ መኪና ነው፣ አንዱ የ...» ፀጋ ንግግሯን አቋረጠች። ፊቷ ተለዋወጠ። «ይኼኛው የዳሂር ነው። እሱም መኮምጠጥ ነበረበት።»

ሳጋል በእርሳሷ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ መታች። ፀጋ ሳታስበው በጥፍሯ ሦስት ጊዜ መታችና ደንግጣ እጇን ሰበሰበች።

«የነሱ ጨዋታ ነው» አለች፣ ድምፅዋ እየሰለለ። «አብሬያቸው ሳድር ለምጄው ነው።»

ሱጉሌ ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ይቁነጠነጣል። ጅብሪልን ባለፈው ሳምንት ላባርርህ ነው ብሎት ነበር፤ ይህን ሰው ሁሉ ሰምቷል።

«መብራት ጠፍቶ ዘግይቶ አስነሳ፤ ተቆጣሁ። ሥራ አስኪያጅ ይቆጣል፤ አይገድልም!»

«እርስዎስ ተረኛ ሆነው ያውቃሉ?»

«እኔ? እዚሁ ጄነሬተር ቤት ነው የጀመርኩት፤ ከጋሽ ንብረት ጋር። ጫት ቅሜ ሁሉ አልቻልኩም ነበር። በኋላ አንድ ዘዴ ፈጠርን...»

ሳጋል የበሩን መቃን ሁለት ጊዜ አንኳኳች። ሱጉሌ ፈገግ ሊል ዳዳው፤ ወንበሩን ሦስት ጊዜ መታ።

ዳሂር መኪናውን እያጠበ ነበር። ረጅም፣ ንግግሩ የሚጥም ሰው ነው። ሳጋልን ሲያይ ውሃውን ዘግቶ ደረቱን በእጁ ያዘ።

«ዋላል» አላት በሶማልኛ፣ እህቴ እንደማለት። «ሀምዲ መበለት ሆነች። አላህ ይየው።»

«ሌሊቱን የሰማኸው ነገር አለ?»

«እንቅልፌ እንደ ወፍ ነው፤ ሹፌር አይደለሁ? ያ ቧንቧ በክፍሌ ግድግዳ ላይ ያልፋል። እንዴት ያስተኛል! ሽማግሌው ሁለት ይመታል፤ ጅብሪል ሁለት ይመልሳል። ሦስት ሲል ሦስት። ሌሊቱን ሙሉ እንዲሁ። ወላሂ ለሶላት እስክወጣ ደህና ነበር።»

«ሌሊቱን ሙሉ እንዲሁ ነበር? ከመጀመሪያውም?»

«ከመጀመሪያውም።»

ሳጋል እጁን አየች። የጣቶቹ ጫፎች ኖራ እንደነካ ሰው ነጥተዋል።

«ጣትህ ምን ሆነ?»

«ጀሪካን ሳጥብ ነው። በረኪና።»

አመሰገነችውና ልትጨብጠው እጇን ዘረጋች። ከዚያም መዳፏን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። የሳሙና ሽታ እንጂ የበረኪና ሽታ የለውም።

ወደ ለቅሶው ቤት ሄደች። ሀምዲ ከሴቶቹ መሐል ተነስታ ወጣችላት። ሳጋል ካፖርቱን ስታሳያት ሀምዲ አልነካችውም።

«ወደ ሥራ ሲወጣ አጥቤ፣ አድርቄ ነው ያለበስኩት። ይህ ነጠብጣብ አልነበረበትም» አለች። ቀጥላም «ኢንስፔክተር፣ ባሌ በሥራ ላይ ተኝቶ አያውቅም። ተኝቶ ሞተ የሚሉትን ልጆቼ እንዳይሰሙ» አለች።

በሦስተኛው ቀን ሳጋል ሁሉንም በወተት መቀበያው አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ንብረት በሁለት ፖሊሶች መሐል ቆሟል። ሱጉሌ፣ ፀጋና ዳሂር በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠዋል። ሀምዲም ልገኝ ብላ መጥታ ከወንድሟ ጎን ተቀመጠች።

«ጅብሪል አልተኛም» ብላ ጀመረች ሳጋል። «መሰላሉ በናፍጣ የወዛ ነው፤ እጁም ጫማውም ንጹሕ ነበር። ስለዚህ አልወጣም። ካልወጣ ከመሰላሉ ሊወድቅ አይችልም። አንድ ሰው ነው እዚያ ያስተኛው። በሩ ከውስጥ የተቆለፈ ስለሆነም ያ ሰው ከእናንተ መሐል ነው።»

«ዘበኛው ነዋ!» አለ ዳሂር። «የሞተ ሰው መለሰልኝ ያለው እሱ አይደል?»

«እኔም መጀመሪያ የጠየቅሁት እሳቸውን ነው። የሚዋሽ ሰው ራሱን የሚጠቅም ውሸት ይዋሻል። ጋሽ ንብረት 'ሌሊቱን ዝም አለኝ' ቢሉ ከሐኪሙ ቃል ጋር ይስማማላቸው ነበር። እሳቸው ግን የሚያሳስራቸውን ተናገሩ። ስለዚህ አመንኳቸው። በእርግጥ የመለሰላቸው ሰው አለ፤ ጅብሪል ግን አይደለም።»



«ቧንቧው በየክፍላችሁ ያልፋል፤ ማንም ሊመታው ይችላል። ግን ሕግ አለው፤ የሚመልሰው አንድ ይጨምራል። ሕጉን ከፈጠሩት አንዱ አቶ ሱጉሌ ናቸው። ፀጋም ታውቀዋለች። ሁለቱንም ሳያስቡት ፈትኛቸዋለሁ፤ ሁለቱም ጨመሩ። ሌሊቱ ከገፋ በኋላ የመለሰው ሰው ግን አልጨመረም። መመለስ እንዳለበት አወቀ፤ እንዴት እንደሚመለስ አላወቀም።»

የሁሉም ዓይን ወደ አንድ ሰው ዞረ።

«ዳሂር፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁለት ሲባል ሁለት ሲመለስ ሰማሁ ብለኸኛል። መጀመሪያ የመለሰው ጅብሪል ነበር፤ እሱ ይጨምራል። አንተ የነገርከኝ የራስህን እጅ ነው። ለሶላት ስትወጣ መልሱ አብሮህ ወጣ።»

«ይህ ማስረጃ ነው?» አለ ዳሂር፤ ፈገግታው ግን ፊቱ ላይ ደርቋል።

«አይደለም። ማስረጃው ወተትህ ነው፤ የሌላው ሲኮመጥጥ ያንተ አልኮመጠጠም። አስመረመርነው። ቁስል የሚታጠብበት፣ ሲነካ አረፋ የሚያወጣው ፐርኦክሳይድ ተገኘበት። ከጉናጋዶ እስከዚህ በሙቀት ሲመጣ እንዳይበላሽ ትጨምርበታለህ። ጅብሪል ደረሰብህ። ያ መድኃኒት ጣትን ያነጣል፤ ጨርቅንም ቀለሙን ያስለቅቃል። የነጡ ጣቶችህ አንገትጌው ላይ አርፈዋል።»

ሀምዲ ወደ ወንድሟ እጅ ጎንበስ ብላ አየች። ዳሂር እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሊደብቅ ሞከረ፤ ዘገየ።

«ለሥራ አስኪያጁ ሊናገር ነበር» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «እስከ ነገ ጊዜ ሰጠሁህ፣ አንተው ራስህ ንገራቸው አለኝ። የእህቴ ባል ሆኖ! ለመንኩት፤ እንቢ አለ። ልጆች ይጠጡታል አለኝ። አንገትጌውን ይዤ ገፋሁት። መግፋት ብቻ! ሲሚንቶው መታው። ልገድለው አላሰብኩም።»

«መግፋትህን አምናለሁ» አለች ሳጋል። «ግን አልሞተም ነበር። ገና ይተነፍስ ነበር። ያኔ ቧንቧው ተመታ። አንተ ዝም ብትል ጋሽ ንብረት ተነስተው ይመጡ ነበር፤ ሐኪም ቤትም ቅርብ ነው። አንተ ግን መለስክ። ደግመህ ደጋግመህ መለስክ። ዳሂር፣ የገደለው መግፋትህ አይደለም፤ መልስህ ነው።»

ንብረት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እኔም አልሄድኩም» አለ። ፀጋ ተነስታ ትከሻውን ያዘችው።

ሀምዲ ከወንድሟ ጎን ተነሳች። ከዚያ በሶማልኛ፣ በቀስታ፣ «ሲተነፍስ ይሰማህ ነበር?» አለችው ወንድሟን።  ፖሊሶቹ ዳሂርን አስነስተው ወሰዱት።

ከበሩ ውጭ ሁለት መኪና ቆሞ ነበር። በአንዱ የጅብሪል ዘመዶች፣ በሌላው የሀምዲና የዳሂር ጎሣ ሽማግሌዎች መጥተዋል። ነገሩ ገና ከአዳራሹ ሳይወጣ ደርሷቸዋል። ከሀምዲ ወገን የሆኑት አዛውንት በትራቸውን ተደግፈው ቀረቡ።

«ልጄ፣ ያጠፋው የኛ ነው። መግ እንከፍላለን፤ የደም ካሳው ለልጆችሽ ይሰጣል። አሁን ግን ነይ፣ ከእኛ ጋር ግቢ። የአባትሽ ቤት ነው።»

ከወዲያኛው መኪና የባሏ ታላቅ ወንድም፣ «ልጆቹ እኛ ጋ ናቸው፤ ነይ» አለ።

ሀምዲ በሁለቱ መሐል ቆመች። ሳጋል ልትደግፋት እጇን ዘረጋች፤ ሀምዲ ግን ሳትደገፍ ቀና አለች።

«አጎቴ» አለች አዛውንቱን፣ «ለልጆቼ የምትከፍሉላቸው እናንተ ናችሁ፤ የሚቀበሉላቸው የባሌ ወገኖች ናቸው። ባልም ወንድምም በአንድ ሌሊት ላጣሁት ለእኔስ የሚከፍለው የትኛው ወገን ነው?»

 አዛውንቱ በበትራቸው መሬቱን አንድ ጊዜ ጫር አደረጉ። ሀምዲ ሻሿን አጥብቃ ልጆቿ ወዳሉበት በእግሯ ሄደች፤ ሁለቱም መኪኖች ከኋላዋ ቀስ እያሉ ተከተሏት።