ከአልጋ ሥር የተገኘው ዲናሞ

ዲናሞው የተገኘው ከጋሽ ቀጀላ አልጋ ሥር ነው። በጆንያ ተጠቅልሎ።

ጆንያውን የጎተተው ወጣቱ ኮንስታብል ነበር። የግቢውና የጭነት መኪኖቹ ባለቤት ፀሐዩ በሩ ላይ ቆሞ ይጮሃል።

"አላልኳችሁም? ይኸው! ያጎረስኩት እጄን ነከሰኝ!"

የስልሳ ስምንት ዓመቱ ጥበቃ ጋሽ ቀጀላ አልጋቸው ጫፍ ላይ እንደተቀመጡ ያንን ብረት አዩት። ምን እንደሆነ እንኳ አላወቁም።

"ተነስ!" አላቸው ፀሐዩ። ከልጅነቱ ጀምሮ አንቱ ሲላቸው የኖረ ሰው!

ክሱ አጭር ነበር። የፀሐዩ ቀይ የስፖርት መኪና አልነሳም ስትል በወር ውስጥ ሦስተኛዋ ነው። የቃሊቲ መንገድ ጉድጓድ ሆዷን ስለሚፍቃት በዓመት ሦስት አራት ቀን፣ ለሠርግ አጀብ ብቻ ትወጣለች። ሌላውን ጊዜ ሸራ ለብሳ ትቆማለች። ዲናሞ ማለት ሞተር ሲዞር ባትሪ የሚሞላው ዕቃ ነው። ፀሐዩ እንደሚለው ጋሽ ቀጀላ ደህናውን ዲናሞ ፈትተው ለመሸጥ ደበቁ፣ በምትኩ ውዳቂ አሰሩባት፣ ባትሪውም ሞተ።

ጋሽ ቀጀላ የሚያጡት ደግሞ ሥራ ብቻ አይደለም። ግቢው ድሮ የእሳቸው የጤፍ ማሳ ነበር። መሬቱን ለፀሐዩ አባት ሲለቁ በሽማግሌ ፊት ውል ተጽፏል፦ በታማኝነት እስከጠበቁ ድረስ ጥግ ላይ ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት የእሳቸውና የልጃቸው ናት። ታማኝነት ከጎደለ ይለቃሉ። ሌባ ከተባሉ አለቀ፤ በዚህ ዕድሜያቸው ሜዳ ላይ ናቸው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እያደር! ጣቢያ ሲሚንቶ ላይ የሚያድረው ግን ሽማግሌው ነው።

መዝገቡ በማግስቱ ጠዋት ሳጅን ፌኔት እጅ ገባ። ገና ሳታነበው የጋሽ ቀጀላ ልጅ ዳሲቱ ከቂሊንጦ የሌሊት ፈረቃዋ ቀጥታ መጥታ ጠረጴዛዋ ፊት ቆመች። የፋብሪካ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም።

"ሳጅን፣ አባቴ አምፖል መቀየር የሚፈራ ሰው ነው! ዲናሞ ፈታ ይሉኛል? በምን ጉልበቱ? በምን ዓይኑ?"

"መኪናዋን መጨረሻ ላይ የነካት ማነው?"

"አቡዘር። መናኸሪያው ጀርባ ያለው ኤሌክትሪሺያን።"

ፌኔት አቡዘርን አስጠራችው። እጁ ግራሶ እንደነካው መጣ።

"ባለፈው ወር ከመኪናዋ ምን ፈታህ?"

"ምንም። ባትሪውን ቻርጅ አድርጌ ሄድኩ።"

"ዲናሞውስ?"

"ጤነኛ ነበር።"

"ጤነኛ ከሆነ ባትሪው ለምን ይሞታል? ወይስ አንተና ሽማግሌው ተመሳጥራችኋል?"

አቡዘር ፊቱ ጠቆረ። "ወላሂ፣ ሌባ ከምባል መኪናዋ ራሷ ትመስክር! አሁኑኑ ይዘውኝ ይሂዱ።"

ሄዱ። ኮንስታብሉ ጆንያውን ተሸክሞ ተከተለ።

ፀሐዩ ገና ሲያያቸው ቱግ አለ። "ሌባን በሌባ ልታስመረምሪ ነው?"

"ኮፈኑን ይክፈቱ፣ አቶ ፀሐዩ።"

አቡዘር የቮልት መለኪያ ሜትሩን ባትሪው ላይ ነካ አደረገ። "አስራ አንድ ነጥብ ስድስት ቮልት። ባዶ ነው። ሌላ ባትሪ ያስፈልገኛል።"

"ምን ወሬ ያስፈልጋል?" አለ ፀሐዩ። "ከዚያ ከጭነት መኪናው ገመድ ሳብና አስነሳት!"

"እሱ ሃያ አራት ቮልት ነው እኮ! ይቺ አስራ ሁለት ናት፤ ያቃጥሏታል!"

"ባትሪ ባትሪ ነው!"

ፌኔት ቀና ብላ አየችው። ይሄ ሰው ጭነት መኪና ውስጥ ተወልዶ ያደገ ነው። ትንሽ መኪና ሲበላሽበት ሰው ይጠራል እንጂ ኮፈን ከፍቶ አያውቅም።

አቡዘር ከመጣበት ባጃጅ ላይ የራሱን ትርፍ ባትሪ አውርዶ በገመድ አገናኘው። መኪናዋ አገሳች። ገመዱን ነቅሎ ጥቂት ካቆያት በኋላ ሜትሩን አስነበባቸው። አስራ አራት ነጥብ ሁለት። መብራቱንም ማቀዝቀዣውንም አበራ። አስራ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ።

"አየሽ ሳጅን?" ንዴቱ ማክበሩን አስረሳው። "እየሞላ ነው! ብሎኖቹን ደግሞ እዪ። የፋብሪካ ቀለማቸው አልተላጠም። ከተሠራች ጀምሮ መፍቻ አልነካቸውም። ያልተፈታ ዲናሞ እንዴት ይሰረቃል?"

ኮንስታብሉ መሬት መሬት አየ።

"ታዲያ ባትሪውን ማን ይጨርሰዋል?"

"ማሞቅ ነዋ! ጋሽ ቀጀላ በየጠዋቱ አምስት ደቂቃ አስነስተው ያጠፏታል። ለማስነሳት በጭልፋ ይቀዳል፣ በአምስት ደቂቃ በማንኪያ ይመለሳል። ቀሪውን አላርሙ ቀን ከሌት ይጠጣዋል። ወይ ግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ትነዳ፣ ወይ የባትሪው የነጌቲቭ ገመድ ይፈታ ብዬ ተናግሬ ነበር።"

"ለማን?"

"ለራሳቸው! ለአቶ ፀሐዩ!"

"ያሙቋት ብሎ ያዘዛቸውስ ማነው?"

ፀሐዩ ጉሮሮውን ጠራረገ። "የአገሩ ሰው ሁሉ ጠዋት መኪና ያሞቃል። ምን አለበት?"

ፌኔት ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየች። ከዋናው በር የተነሳ፣ ለመኪና መንገድ የተቀየሰ የኖራ መስመር ግቢውን አቋርጦ ይሄዳል። ቀጥ ብሎ በጋሽ ቀጀላ ቤት መሃል ያልፋል።

"የጭነት መኪኖቹ መለዋወጫ የት ነው የሚቀመጠው?"

"እዚያ ስቶር ውስጥ።"

"ማን ይከፍታል?"

"እኔ ብቻ! ቁልፉ ከኪሴ አይወጣም። ማንንም አላምን!"

"ጥሩ።" ጆንያውን ራሷ ፈታችና ዲናሞውን ለአቡዘር ሰጠችው። አቡዘር ግራሶውን በአውራ ጣቱ ጠረገና የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበበ።

"ሃያ አራት ቮልት!" ብሎ ጮኸ። "የጭነት መኪና ዲናሞ ነው! እዚህች መኪና ላይ እንኳን ሊሠራ፣ ቦታውም አይበቃው!"

ጉድ በሉ! አንድ ሽማግሌ በዚህ ብረት ታስሮ ሲያድር፣ ገልብጦ ያነበበው ሰው አልነበረም። ፌኔት ኮንስታብሉን አንዴ አየችው፤ ልጁ ላብ በላብ ሆነ።

"ስቶሩን ይክፈቱ።"

"ሳጅን፣ እንነጋገር…"

"ክፈት!" አንቱታው አበቃ።

መደርደሪያው ላይ ሦስት እንደዚያው ያሉ ዲናሞዎች ተደርድረዋል። የአራተኛው ቦታ ባዶ ነው፤ የጆንያ ቃጫ ብቻ ቀርቷል።

"መቼ ነው አልጋቸው ሥር ያስገባኸው? እሁድ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ?"

ፀሐዩ መጀመሪያ ካደ። ቀጥሎ ማለ። በመጨረሻ ገነፈለ።

"ግቢው ጠበበኝ! ተሳቢ አዙሮ አይገባም! ያቺ ጎጆ መንገዱ ላይ ተገትራ! ልቀቁልኝ ብዬ ስንቴ ለመንኳቸው፣ እምቢ አሉ! ውሉ እያለ ምን ላድርግ?"

"ውሉን የሚያፈርሰው ሌብነት ብቻ ስለሆነ ሌባ አደረግሃቸው።"

ኮንስታብሉ ፀሐዩን ይዞ፣ አቡዘርም ተከትሏቸው ከግቢው ወጡ።

ጣቢያ ሲደርሱ ጋሽ ቀጀላ በፌኔት የስልክ ትዕዛዝ ከማረፊያ ክፍሉ ወጥተው አግዳሚው ላይ ከዳሲቱ ጎን ተቀምጠው ነበር። ወገባቸውን ይዘዋል። ፀሐዩ ገና ሲያያቸው እግራቸው ላይ ሊወድቅ ተንደረደረ።

"ጋሽ ቀጀላ፣ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው! የአባቴ ወዳጅ አይደሉ? ዛሬውኑ ሽማግሌ እልካለሁ፣ ይታረቁኝ!"

"አይንካህ አባዬ!" አለች ዳሲቱ።

ጋሽ ቀጀላ በእጃቸው ገቱት። "ሽማግሌ የት ነው የምትልከው?"

"እርስዎ ጋ ነዋ።"

"እኔ ጋ የት?"

"እ… እቤት።"

"የማን ቤት?"

ፀሐዩ ወደ ፌኔት ዞረ። ፌኔት እስክሪብቶዋን አንስታ ጠበቀች።

"የእርስዎ ቤት" አለ በሹክሹክታ።

"አልሰማሁም! ስትሰድበኝ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል!"

"የእርስዎ ቤት ነው!"

"ጻፊልኝ ልጄ" አሉ ጋሽ ቀጀላ። "ሌባ ብባል፣ ጥበቃውን ብተው፣ ብሞትም ቤቱ የእኔና የልጄ ነው ብሎ ይፈርም።"

ፌኔት ጻፈች። ፀሐዩ ፈረመ። አቡዘር ምስክር ሆኖ ስሙን አሰፈረ። ጋሽ ቀጀላ ወረቀቱን ለዳሲቱ ሰጥተው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ።

"በል አሁን ሽማግሌህን ላክ" አሉት። "በሬን አልከፍትላቸውም።"