ዘግይቶ የጮኸው ሳይረን

በዚያ ክረምት ዝናቡ አላባራም። እህል በማሳ በሰበሰ፤ ከብት በጎርፍ ተወሰደ። የግድቡ አናትም ተሸርሽሮ ዝቅ አለ። የግድቡ ጠባቂ ውኃ ወስዶት የሞተው ያኔ ነው።

የግድቡ ሥራ አስኪያጅ «ተኝቶ ነው፤ ሳይረኑን አልሰማም» ብሎ ደመደመ።

መርማሪው ሽማግሌ ከሬሳው አጠገብ በርከክ አለ። የሟቹ የቦት ጫማ ክር ጥብቅ ብሎ ታስሯል። የውኃ መልቀቂያው በርም እስከ ግማሽ ተከፍቷል። ልጆች ሳሉ ሟቹ መርማሪውን ከዚሁ ወንዝ ጎትቶ አውጥቶታል፤ ውለታው እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ሳይረኑን የሚያዘውን ፕሮግራም የጻፈችው የጠባቂው ልጅ ናት። የመርማሪውን እጅ ያዘች።

«ጋሼ፣ አባቴ እንቅልፋም አይባልብኝ። ሌላው የፈለገው ይሁን።»

«የፈለገው?»

«የፈለገው።»

የግድቡ ኤሌክትሪሺያን ሳይረኑ እንዳልተበላሸና እንደጮኸ ማለለት። የጠባቂው ጎረቤት ግን የጮኸው ውኃው ደጃፏን ሲነካ መሆኑን ተናገረች። «ለቅሶ ሊጠራን ነው እንጂ ሊያስጠነቅቀን አልነበረም» አለች። መርማሪው ደጃፏን ለካ። ግድቡ ከመሸርሸሩ በፊት ሳይረኑ ይጮህበት ከነበረው ከድሮው የማስጠንቀቂያ ከፍታ ጋር እኩል ነው።

በማግስቱ ሁሉንም በግድቡ ቢሮ ሰበሰበ።

«ግድቡ ሲሸረሸር የማስጠንቀቂያውን ከፍታ ዝቅ አድርገሻል። የት ጻፍሽው?» ሲል ልጅቷን ጠየቃት።

«ዋናው ኮምፒውተር ላይ። ፕሮግራሙ ሲነሳ ከዚያ ያነበዋል። ይኸው» ብላ አሳየችው።

«ከወንዙ በየጊዜው የሚመጣውን የውኃ ልኬት ከዚህ ከፍታ ጋር የሚያነጻጽረውስ እሱ ነው?»

«አይ፣ እሱ ሥራውን ያከፋፍላል እንጂ። የሚያነጻጽሩት በሥሩ ያሉት ሠራተኛ ኮምፒውተሮች...»

«ለእነሱስ አዲሱን ከፍታ ማን ነገራቸው?»

ከሠራተኞቹ ኮምፒውተሮች አንዱን ከፈተች። ከፍታው መኖር ያለበት ቦታ ባዶ ነው። ፕሮግራሙ ባዶ ሲያገኝ ከመጀመሪያው የተጻፈለትን የድሮውን ከፍታ ይይዛል።

«ስሞክረው ሠርቶ ነበር» አለች።

«የሞከርሽው በራስሽ ኮምፒውተር ነው። እዚያ ዋናውም ሠራተኛውም አንድ ማሽን ነው፤ ለዋናው የነገርሽውን ሠራተኛውም ይሰማል።»

ሥራ አስኪያጁ አቀረቀረ። መርማሪው ወደ እሱ ዞረ።

«ሳይረኑ ሲጮህ የበሩን መዘውር ውኃ ውጦት ነበር። ጠባቂው ግን በሩን እስከ ግማሽ ከፍቶታል። እንግዲህ የወጣው ከጩኸቱ በፊት ነው፤ ወንዙን በዓይኑ እያየ ነበር። ያ መዘውር ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሁለተኛውን የሚጠራው ሳይረኑ ነው።»

«በጊዜው ቢጠራኝ እመጣ ነበር» አለ ኤሌክትሪሺያኑ በዝግታ።

ልጅቷ አዲሱን ከፍታ በየሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ ጻፈች።

በቀብሩ ላይ ሥራ አስኪያጁ በሰው ሁሉ ፊት «ሥራው ላይ ነቅቶ ሞተ» አለ። ልጅቷ ወደ መርማሪው ጠጋ ብላ «የፈለገው ይሁን ብዬዎት ነበር» አለችው።

የወንዙ ውለታ ተመለሰ። ሽማግሌው ግን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።