ያላረፈ ጉልበት

በሰርዶን መንግሥት የዝናቡ ቀንድ ከቤተ መንግሥቱ ሰገነት በተሰረቀ ማግስት ሰማዩ እንደ ናስ ቀላ፤ ደመና የሚባል ነገርም ከአገሩ ጠፋ። ሌባው በቀርባን ተራራ ጫፍ የሚኖረው ጎርማጥ ነበር፤ ቁመቱ ሁለት ሰው የሚያህል፣ ቆዳው አለት፣ ጦርም ሰይፍም የማይበሳው አውሬ። የጥንት ራእይ አዋቂዎች ግን እንዲህ የሚል ቃል ትተው ነበር፦ «ጎርማጥ የሚያየው ፊት ለፊቱ የቆመውን አንድ ሰው ብቻ ነው። ቀንዱ ሲነፋ ድንጋይ ይሆናል።» እንግዲህ የተፈለገው ገዳይ አልነበረም። ሌላ ሰው የአውሬው ዋሻ ገብቶ ቀንዱን እስኪያገኝ ድረስ አውሬው ፊት የሚቆይ ሰው ነበር የተፈለገው።

ንጉሥ ቤልሆር ያርዳን መረጡ። ያርዳ ወጣትና ፈጣን ነበር፤ መመስገንም ከምግብ ይልቅ ይወድ ነበር። በአደባባይ ቆሞ «በሰማይ በሮች እምላለሁ፤ ቀንዱ ሳይመለስ በሰርዶን ምድር ጣራ ሥር አላድርም» ሲል ማለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ያላጨበጨቡት የጦር አሠልጣኟ፣ ጠጉራቸው የነጣው አበጋዝ ጠርሲና ብቻ ነበሩ።

«መሐላው ደኅና ነው» አሉት። «አሁን ደግሞ አወዳደቅ ተማር።»

ሥልጠናው ያርዳ እንዳለመው አልሆነም። ሰይፍ ሳይነካ ሲወድቅ ሲነሣ ሰነበተ። አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ በትከሻው መንከባለል ነበረበት፤ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬት የሚመክት ሰው አንጓውን ይሰብራላ። ጠዋት ሰውነቱን ቀስ ብሎ ሳያሟሙቅ ዱላ አይጨብጥም። ዳገቱን እየሮጠ ይወጣል፣ ቁልቁለቱን ግን ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ በእርምጃ ይወርዳል። ሲመታም ሲመቱትም ትንፋሹን ያወጣል። «ትንፋሹን የሚያፍን ተዋጊ ለጠላቱ ሥራ ያቀልለታል» ይሉ ነበር አበጋዟ። ከሁሉ የከበደው የዕረፍት ቀን ነበር።

«እግርህን ከፍ አድርገህ ተኛ» ይሉታል። «ሰውነት የሚጠነክረው ሲያርፍ ነው።»

ይህ ለሰርዶን ጎረምሳ ሞት ነው። በዚያ አገር በቀን ጋደም ብሎ የታየ ወንድ እስኪያረጅ ድረስ መሳቂያ ይሆናል። ስለዚህ ያርዳ ዕረፍት ሲሰጠው ከኮረብታው ጀርባ ሄዶ የወፍጮ ድንጋይ ይሸከምና ቁልቁለቱን ይሮጥ ነበር። ዋሻው ውስጥ እንድትገባ የተመረጠችው ገደል ወጪዋ ሊምና አንድ ቀን አየችው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለችው። «አበጋዟ የነገሩህን አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። እሳቸው አርጅተዋል፤ ዕረፍት ቢወዱ አይፈረድባቸውም።»

ለጉዞ ሊነሡ ሳምንት ሲቀራቸው ግራ ጉልበቱ አበጠ። ቢናገር በእሱ ቦታ ሌላ ሰው እንደሚላክ ያውቃል። በጨርቅ ጥፍር አድርጎ አሰረና ሱሪውን ከላይ ለበሰበት።

ያርዳ፣ ሊምናና አበጋዟ ሦስቱ ተነሡ። ሰው ሲረግጣቸው የሚያቃስቱትን የቃልሚ ድንጋዮች ተሻገሩ፤ ቀርባን ጫፍም ደረሱ። ጎርማጥ ከዋሻው ሲወጣ ያርዳ ፊቱ ቆመ፤ ሊምናም በአውሬው ጎን ሹልክ ብላ ገባች።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም እንደተማረው ሆነ። አውሬው ሲወረወርበት ያርዳ ወደ ጎን ይላል፣ ትንፋሹን ያወጣል፣ ሲመታ ተንከባልሎ ይነሣል። ከዚያ በግራ እግሩ ሲዞር ጉልበቱ ከዳው። ወደቀ፤ ሊነሣ ሞከረ፣ እግሩ እንቢ አለ። ጎርማጥ ሊረግጠው እግሩን አነሣ።

አበጋዝ ጠርሲና መሐል ገቡ። የአውሬውን አፍንጫ በዱላቸው መቱት፤ ዞሮ እሳቸውን ብቻ አየ። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ አልመቱም። ይዞሩታል፣ ይሸሹታል፤ ያርዳ መሬት ላይ ሆኖ ትንፋሻቸው ሳይፋለስ ሲወጣ ሲገባ ይሰማል። እንደዚያ የሚዋጋ ሰው አይቶ አያውቅም፤ አፈረ። ግን ዕድሜ ዕድሜ ነው። ጎርማጥ ያዛቸውና ወደ ደረቱ ጨፈለቃቸው።

ቀንዱ ተነፋ። አውሬው እንደቆመ ድንጋይ ሆነ።

ሊምናና ያርዳ ከድንጋዩ ክንድ ስበው አወጧቸው። የጎን አጥንታቸው ተሰባብሯል።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አበጋዝ» አለ ያርዳ። «ጉልበቴ ታሞ ነበር። ደበቅሁዎት።»

«ከቃልሚ ጀምሮ አረማመድህን አይቻለሁ። ልመልስህ ይገባኝ ነበር። አገሩ ተጠማ ብዬ ዝም አልሁ። ጥፋቱን ብቻህን አትሸከመው። ሊምና፣ ቀንዱን ይዘሽ ውረጂ።»

ሊምና ጉልበታቸውን ስማ ወረደች።

«አንተ ዛሬ እንዳትወርድ» አሉት። «ቁልቁለቱ እግርህን ይጨርሰዋል። ማሰሪያውን አላላው። ድንጋይ ላይ ከፍ አድርገው።»

«እሺ።»

«እሺታህን ምን ላድርገው? አድርገው።»

አደረገው። አበጋዟ እግሩን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጥቂት ቆይተውም ትንፋሻቸው ቆመ።

ቀንዱ ወደ ቦታው ሲመለስ ዝናቡ ሸለቆውንም ተራራውንም አንድ አድርጎ ያዘው። ከታች እልልታ ተሰማ፤ ከእልልታው መሐል የያርዳ ስም ይጠራ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሲመኘው የኖረው ይህንን ነበር። ካባውን በአበጋዟ ላይ ጣለ፣ አጠገባቸው በጀርባው ተኛ፣ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። እግሩን ግን አላወረደም።