ኦሪኤልን ጤነኛ ያለው ማሽን

ወይዘሮ ታፈሰች በእስራኤል፣ በቂርያት ማላኪ ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ኦሪኤልን እንደታቀፉ ይውላሉ። የሕፃኑ እናት ኢላና ያቭኔ ከተማ ትሠራለች፤ ሥራዋም ሳንባው ክፉኛ ሊታመም ያለውን ልጅ ቀድሞ የሚለይ ማሽን ማስተማር ነው። ታፈሰች በልጃቸው እንዴት ይኮሩ ነበር!

ማሽኑ የሚማረው ልጅ ከሚጠብቁ ሰዎች መልስ ነውና፣ በዚያ ክረምት አንዲት አማርኛ ተናጋሪ ነርስ በየሳምንቱ ለታፈሰች ትደውል ጀመር። «እማማ፣ ልጁ እንዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው! አንቺስ ደህና ነሽ፣ የኔ እናት?» ነርሷም «ደህና» ብላ ለማሽኑ ትመዘግባለች።

ልጁ ግን ይስል ነበር። ኢላናም ማታ ማታ ሳሉን ትሰማለች። «አታስቢ እማ፣ ማሽኑ አረንጓዴ ብሎታል፤ ቤሰደር፣ ጤነኛ ነው» ትላለች። ታፈሰችም የተማረች ልጃቸውን አምነው ሕፃኑን መልሰው ያስተኛሉ። ማሽኑ እናትን አመነ፤ እናት ልጇን አመነች፤ ልጅም ማሽኑን... ሕፃኑን ማን አየው?

አንድ ረቡዕ ቀትር ላይ የኦሪኤል የጎድን አጥንቶች በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሰረጉዱ ጀመር፤ ከንፈሩም ጠቆረ። አምቡላንስ ወሰደው። ኢላና ሆስፒታል ስትደርስ በቱቦ ይተነፍስ ነበር።

«ሲጠይቁሽ ለምን አልተናገርሽም?» ብላ ጮኸች።

«ስሟን የማላውቃትን የሰው ልጅ በምን ላስጨንቃት?»

«ከእንግዲህ ልጄን እንዳትነኪ!»

ታፈሰች ሦስት ቀን ከኮሪደሩ አልተነሡም። ጥፋተኛዋ እሳቸው ናቸው? አይደሉም! «ሲተነፍስ ደረቱ ይሰረጉዳል ወይ?» ብሎ የጠየቃቸው ማን ነበር? ነውር የማን ነው? ሕመም ዘርዝሮ ሰው ማስጨነቅን የማያውቁት እናት ነው ወይስ እኚህን እናት ሳያውቅ ማሽን የሚያስተምረው?

በሦስተኛው ቀን ቱቦው ወጣ። ሕፃኑ ዓይኑን ገልጦ አያቱን ፈለገ። ኢላና ያን ጊዜ ወደ ኮሪደሩ ሮጣ እናቷ እግር ላይ ወደቀች። «እማ፣ ሳሉን በጆሮዬ እየሰማሁ ማሽኑን አመንኩ! መጠየቅ ያለብኝ አንቺን ነበር...»

«ተነሺ የኔ ዓለም፣ ወለሉ ይበርድሻል።»

«አይ፣ መጀመሪያ ያየሽውን ሁሉ ንገሪኝ።»

ታፈሰችም ልጃቸውን አቅፈው፣ የሌሊቱን ሳል፣ የደረቱን ፉጨት፣ ምግብ እንቢ ያለበትን ቀን፣ አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት፤ ኢላና እያነባች፣ ለማሽኑ አዲስ ጥያቄ እንዲሆን ጻፈችው። የደረሰውን ዕድል ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ግን ዕድል ጥያቄ አይጽፍም፤ የሚጽፈው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ እናቱን መጠየቅ ይችላል።