ሰባት ምት በአንድ ስንኝ

ዳርሲ መድረኩ ላይ ሲወጣ ልጄ ታምሲን እጄን ያዘችኝ። በዚያ ሁሉ ሙቀት ጣቶቿ በረዶ ሆነዋል።

«እማዬ፣ አባዬ ያወቀ ይመስልሻል?»

«ዝም ብለሽ ወደ ፊት እዪ!»

እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ አንድ መጥፎ ነገር እንደሚመጣ ታውቆኝ ነበር።

የከተማችን የዋላራ የግጥም ውድድር ዳኛ ባሌ ሮስ ነው። ምቱን በጣቶቹ ይቆጥራል፤ በእያንዳንዱ ስንኝ ሰባት ከባድ ምት። አንድ ከጎደለ ነጥብ ይቀንሳል። ከተመልካች እርዳታ ያገኘውን ደግሞ ጭራሽ ይሰርዘዋል።

ዳርሲ በግ ሸላች ነው፤ ሥራ ፍለጋ ከበረት ወደ በረት ይዞራል። ባለፈው ዓመት እዚሁ አዳራሽ በር ላይ፣ ለቋሊማ ተሰልፈው ከልጄ ጋር ተያዩ። ሮስ አብረው ሲያወሩ አይቶ፣ «ይሄ ዟሪ ሁለተኛ አጠገብሽ ቢታይ በማግስቱ ፐርዝ አክስትሽ ዘንድ ነሽ» አላት። ፐርዝ ከእኛ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ባሌ ደግሞ የተናገረውን ያደርጋል።

ዳርሲ ጀመረ። ቀለል፣ ከበድ፣ ቀለል፣ ከበድ፤ ግጥሙ እንደ ፈረስ ሶምሶማ ሄደ። የሮስ ጣቶች ጠረጴዛው ላይ ተከተሉት። ሦስተኛው አንጓ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ቃሉ ጠፋበት።

«ኧረ ዳርሲ፣ በጎቹ ምላስህን ሸለቱህ እንዴ!» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ ሳቀ።

የዳርሲ ፊት ነጣ። ዐይኑ ታምሲንን ፈልጎ አገኛት።

«እንዳትንቀሳቀሺ» አልኳት በሹክሹክታ። «በፈጠረሽ...»

ቦት ጫማዋ የሳንቃውን ወለል መታ። አራት ምት፣ ትንፋሽ፣ ሦስት ምት። ዳርሲ ቃሉን አገኘና እስከ መጨረሻው ዘለቀ።

ማንም ሰምቶት የማያውቅ አዲስ ግጥም ነበር። ልጄ ግን ትንፋሽ የሚወሰድበትን እንኳ ታውቃለች። የሮስ ጣቶች ቆሙ። ዞሮ አያት። እኔ በሐሳቤ ሻንጣዋን መሸከፍ ጀመርኩ።

ውድድሩ ሲያበቃ ሮስ ወደ እኛ መጣ።

«ሰርዤዋለሁ።»

«እሺ፣ አባዬ።»

«ግጥሙን የት ሰማሽው?»

«በስልክ ያነብልኛል። ስድስት ወር ሆነው።» «ምት ሲጎድል አርምለታለሁ።»

«ማን አስተምሮሽ?»

«አንተ ነሃ!»

ሮስ ወደ በሩ ዞረ። የእኔ ልብ ምት ቁጥሩን ስቶ ነበር። ዳርሲ በሩ አጠገብ ባርኔጣውን እያዟዟረ ቆሟል፤ አልሸሸም።

«አንተ ልጅ!» ሲል ሮስ ጮኸበት። ታምሲን ዐይኗን ጨፈነች። «ሁለተኛው አንጓ ላይ የሚጎተት ስንኝ አለህ። እሑድ ለምሳ ና፣ እናየዋለን።»

ታምሲን አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ዳርሲ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ያያል።

«እሑድ ስትመጣ ቀስ ብለህ ንዳ» አልኩት ዳርሲን። «ወደ እኛ በሚወስደው መንገድ ካንጋሩ በድንገት ነው የሚዘልብህ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ከጠዋት የያዘኝ ስጋት ገና አልለቀቀኝም።