የአባባ ጻይ ትኩስ አጥሚት

ከዳክዬ አርቢው ከቦሹን ጋር የተዋወቅነው የእንቁላል ነጭ ቦይ ውስጥ ሲደፋ ደርሼበት ነው። በእኛ አገር በይላን የዳክዬ እንቁላል አስኳልን ሰው ለጨረቃ በዓል ኬክ ይሻማበታል፤ ነጩን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እኔ በምሠራበት የእንስሳት ጤና ጣቢያ ግን ከዚያ ነጭ ውስጥ ባክቴሪያ የሚገድል ፕሮቲን እናወጣና ዱቄት እናደርገዋለን።

«አትድፋው፣ ለኔ ስጠኝ» አልኩት።

«ምን ሊያደርግልሽ? ፊትሽን ልትቀቢው?»

«ለጫጩቶችህ ሆድ ነው።»

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኖቹ ይጠፋሉ። እኔም ያን ቀን ጠፋሁ።

በክረምቱ ማብቂያ አባቱ፣ አባባ ጻይ፣ ከአንቲባዮቲክ ሌላ የማያምኑት ሰውዬ፣ አምስት መቶ ጫጩት በኔ ዱቄት ለማሳደግ ተስማሙ።

«ካለቁ ግን ይህች ልጅ ደጄን አትረግጥም» አሉ።

ቦሹን እሺ አለ። እኔን ማን ጠየቀኝ!

በአራተኛው ቀን ጫጩቶቹን ተቅማጥ ያዛቸው። በስድስተኛው ሠላሳ ሞቱ። ጣቢያው ውስጥ እንከን ያልነበረው ዱቄት እዚህ እምቢ ሲል፣ ችኩሏ እኔ ቦሹን ላይ ተነሳሁ።

«ዱቄቱን እየረሳኸው ነው አይደል?»

«በየቀኑ መዝኜ ለአባቴ እሰጣለሁ። የሚያበሏቸው እሳቸው ናቸው።»

«ታዲያ ለምን ይሞታሉ?»

«አላመንሽኝም» አለና ጀርባውን ሰጠኝ። ቃሌን ግን መመለስ አልቻልኩም።

ነገርን ከሥሩ ነውና በማግስቱ ጠዋት በቀጥታ ወደ ማድቤታቸው ገባሁ። አባባ ጻይ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብለው የሩዝ አጥሚት ያማስላሉ። በሚንተከተከው ድስት ውስጥ ዱቄቴን ዘረገፉት።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ቁርሳቸውን ነዋ። በዚህ ብርድ ጨቅላ ሆድ ውስጥ ቀዝቃዛ ነገር ይገባል እንዴ? ጣቢያችሁ ይህን አያስተምርም?»

ማገዶው ላይ ቁጭ አልኩ።

«እንቁላል ሲፈላ ምን ይሆናል?»

«ይበስላላ።»

«የኔም መድኃኒት ከእንቁላል ነው። በስሏል። አሁን ባክቴሪያ ቀርቶ ዝንብ አያባርርም።»

ማማሰያውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «እኔ ነኝ የፈጀኋቸው» አሉ።

«ስለሳሱላቸው ነው፣ አባባ» አልኳቸው፤ እውነቴን ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አጥሚቱ ከበረደ በኋላ ዱቄቱ ይገባ ጀመር። ሞቱ በየቀኑ እየቀነሰ መጣ። በአምስተኛው ቀን ቦሹን የሞተ ሊለቅም ባዶ ባልዲ ይዞ ገባ፤ ባዶውን ይዞ ወጣ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

«ይቅር በለኝ» አልኩት። «አንተን መጠርጠር አልነበረብኝም።»

«ለአምስት ቀን ተቀየምኩሽ፤ አይበቃም?» አለና ዓይኖቹ ጠፉ።

አባባ ጻይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ነገ ስንት ሰዓት ትመጫለሽ?»

«ለምን ትመላለሳለች?» አለ ቦሹን መሬት መሬቱን እያየ። «እዚሁ ትኑር እንጂ።»

«እኔን ነው የምትጠይቀው? እሷን ጠይቃት!»

እሱ ቃል እስኪያወጣ የሚጠብቅ ትዕግሥት አልነበረኝም። ሳይጠይቀኝ እሺ አልኩት።